የቀጮ ትከሻ

ባሌ፣ ሰው እጁን ከራሱ በላይ ማንሳት ያለበት ሲጸልይና ሲዘረፍ ብቻ ነው ይላል። ከዚያ ውጭ ክብደት ይዞ ወደ ላይ መግፋት ትከሻን በገዛ እጅ መግደል ነው ባይ ነው። ይህን የሚለው ደግሞ ሌላ ሰው ጠፍቶ፣ ኮርኒስ ስትቀባ ለምትውል ሚስቱ ነው።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ግድግዳም እቀባለሁ፣ ስሜ የተጠራው ግን በኮርኒስ ነው። ሌላው ቀቢ ኮርኒስ ሲሰጡት ፊቱ ይጠቁራል፤ እኔ ደግሞ ግድግዳ ብቻ ሲሰጡኝ የተናቅሁ ይመስለኛል። ሮለሬን በረጅም እንጨት ላይ ሰክቼ ሳንጋጥጥ ውዬ ቤቴ ስገባ፣ ከምድር ቤቱ የባሌ ድምፅ ይቀበለኛል። "እጅ ወደ ላይ? ወግድ! ማን አስተማረህ?" እያለ ደንበኞቹን ይቆጣል። እንግዲህ ትዳር ማለት ይሄ ነው።

ባሌ የስፖርት አሰልጣኝ ነው። ስፖርት ቤቱ የቤታችን ምድር ቤት ነው፤ ብረት አለ፣ የሚሳብ ላስቲክ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ዳር ዳሩ የተላጠ ትልቅ መስታወት አለ። ጣሪያው ግን ዝቅ ያለ ነው። ረጅም ሰው ብረት ይዞ ወደ ላይ ቢዘረጋ ኮርኒሱን በስቶ ሳሎናችን ውስጥ ብቅ ይላል። ስለዚህ እኔ የሰውዬው ፍልስፍና ከጭንቅላቱ ሳይሆን ከጣሪያው የመጣ ነው እላለሁ። እሱ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። "ጣሪያው ሰማይ ቢሆንም አላስገፋም!" ይላል። አንድ ጊዜ ያን ኮርኒስ ልቀባለት ገብቼ፣ ያለ መሰላልና ያለ እንጨት በአጭር ብሩሽ ብቻ ስለጨረስኩት ስንት ቀን እንዳኮረፈኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ሥራውን ያውቃል። ክብደት ወደ ጎን እያስነሳ፣ ላስቲክ ወደ ፊታቸው እያስጎተተ፣ ፑሽ አፕ እያሠራ፣ ሸሚዝ የሚቀድ ትከሻ ያወጣላቸዋል። ከደንበኞቹ መሃል ትከሻዬን አመመኝ ያለ ሰው አልሰማሁም። ይህን ግን ፊት ለፊት አልነግረውም፤ ሆድ ይፍጀው።

ከሁለታችን መሃል ቀጮ አለች። ቀጮ የባሌ የእህቱ ልጅ ናት። ገና ጥርስ ሳታበቅል እናቷ አረፈች፣ ነፍሷን ይማር፣ እኛም አመጣናት። እኛ ልጅ አልነበረንም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አለን። ቀጮ ያልናት ያኔ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ስትመጣ ከብርድ ልብሱ ሌላ ነገር የያዝን ስላልመሰለን ነው። አሁን ሃያዎቹን አጋምሳ፣ በበር ስታልፍ ትከሻዋ ሁለቱንም ጎን ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። ስም ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ቀጮ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መሆን። ሌሎች ልጆች ቀዩ መኪና እየጮኸ ሲያልፍ ጆሯቸውን ይደፍናሉ፣ እሷ ከኋላው ትሮጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ተወዳድራ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ዘንድሮ የዕድሜው ገደብ የሚፈቅድላት የመጨረሻው ዓመት ነው። ካለፈች አለፈች፤ ከወደቀች ግን አሁን የምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው መታወቂያ ስታባዛ ልትኖር ነው። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም።

ነገር የጀመረው በመሰላል ነው። ቁርስ ላይ ነበርን። ቀጮ የዘንድሮውን ፈተና ከስልኳ ላይ እያነበበች ነገረችን። ቱቦ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት እንደ ድሮው አለ፣ ሰው የሚያክል አሻንጉሊት መጎተትም አለ። አሁን ግን አንድ ነገር ተጨምሯል፤ መሬት ላይ የተኛ ረጅም መሰላል ለብቻ አንስቶ ግድግዳ ላይ ማቆም።

"መሰላል!" አልኩ፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ። "መሰላል እኮ የሚነሳው ከራስ በላይ በመግፋት ነው። ሌላ መንገድ የለውም!"

"መሰላል የሚነሳው በእግርና በጀርባ ነው" አለ ባሌ ዳቦውን እየቆረሰ። "ትከሻዋ እንደሆነ ዝግጁ ነው። እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት።"

"አንተ መሰላል አንስተህ ታውቃለህ?"

"አንቺ ሰው አሰልጥነሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔን ሥራ ነው ያሰለጠነኝ። ይኸው ትከሻዬ፣ ና ንካው!"

"የአንቺን ትከሻማ ስትገላበጪ እሰማዋለሁ፤ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲንቋቋ" አለ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ልጅቷ ያላትን ጤና ይዛ ትፈተን።"

"ድንቄም አሰልጣኝ! ጣሪያው ዝቅ ስላለበት ሰውን ሁሉ አጭር ሊያደርግ!"

ቀጮ ሻይዋን ታማስላለች። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"ቀጮ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" አላት ባሌ።

"እሺ" አለች።

"ምኑን ነው እሺ?"

"እሺ ጋሼ።" ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ፣ "እሺ እትዬ።"

እንዲህ ናት። እምቢ የሚባለው ቃል እኛ ቤት ሲነገር ውሎ ቢያድርም፣ እሷ ግን አልለመደችውም። ሁላችንም እንደ ጥሩ ጠባይ ነበር የቆጠርንላት።

ባሌን በክርክር እንደማልረታው ገብቶኛል። ስለዚህ መከራከሩን ተውኩት። እኔ ዝም ስል እሱ መፍራት ነበረበት፤ ዝም አይነቅዝም ብሎ አለፈው።

ቀጮ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ከባሌ ጋር ምድር ቤት ትወርዳለች፤ ይሄ የታወቀ ነው። ቀትር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ለተረኛዋ አስረክባ ስትወጣ፣ ባሌን፣ ሜዳ ሄጄ ልሩጥ ትለውና እኔ ያለሁበት ትመጣለች። ያን ሰሞን የአንድ አዲስ መሥሪያ ቤት ፎቅ ይዤ ነበር፤ ባዶ ክፍሎች፣ ወለሉ ላይ ፕላስቲክ የተነጠፈ፣ ስታስነጥሺ ድምፅሽ ከሦስተኛው ክፍል የሚመለስ ዓይነት። መጀመሪያ ሮለሩን ሰጠኋት። ያ ሁሉ ብረት ያነሳ ትከሻ፣ ክንዷ ከጆሮዋ ሲያልፍ ሰው ቤት በእንግድነት እንደገባ ልጅ ግራ ገባው። ቀለሙ ግንባሯ ላይ ተንጠባጠበ።

"አየሽ?" አልኳት። "ጋሼሽ እዚህ ድረስ አላደረሰሽም።"

"እሺ እትዬ።"

ሮለሩን ስትለምድ ወደ መሰላሉ አሸጋገርኳት። እግሩን ከግድግዳው ሥር ታስደግፊያለሽ፣ ጫፉን ከመሬት ታነሺያለሽ፣ ከዚያ ከራስሽ በላይ ይዘሽ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ እየገፋሽ ወደ ግድግዳው ትራመጃለሽ። ብዙ ጊዜ መሰላሉ ግንባሯ ትክክል ላይ ሲደርስ ይቆምባታል፤ እኔ አንድ ጊዜ ደገፍ ሳደርገው ይሄዳል። በየቀኑ ድጋፌ እያነሰ መጣ። ደስ አለኝ፣ ኮራሁም። ለጋሼ ልንገረው ወይ ስትለኝ፣ ካለፍሽ በኋላ ትነግሪዋለሽ አልኳት። እሺ አለች።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ለካ ባሌም የራሱ ሚስጥር ነበረው። መሰላሉ ቁርስ ላይ ከተነሳ ጀምሮ ሰውዬው ውስጥ ውስጡን ፈርቷል። ሚስቴ ልክ ከሆነችስ ብሏል፤ ማለቱን ግን ከሚያምን ምላሱን ይቆርጣል። እና ምን አሰበ? ከራስ በላይ ያለውን ከታች ልሙላው፣ የጎኑን፣ የኋላውን፣ የደረቱን አጥብቄ ካጠነከርኩት ወደ ላይ ያለው በራሱ ይመጣል አለ። ማታ እኔ ጓሮ ውስጥ ሮለርና ብሩሽ ሳጥብ፣ እሱ ቀስ ብሎ "ቀጮ፣ አንድ ጊዜ ብቅ በይ" ይላታል። ከጠዋቱ የከበደ ተጨማሪ ያሠራታል። ለእትዬ እንዳትነግሪ፣ ፈራ ትለኛለች ብሏታል። እሺ ብላዋለች።

የብረቱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፣ ውሸት አልናገርም። ከሥራ የወጣ ደንበኛ መስሎኝ ነው። እንዲያውም አንድ ቀን ብሩሼን እያራገፍኩ፣ "ይሄ ሰውዬ ደንበኛ በዛለት፣ እሰይ" ብያለሁ።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ቀጮ ቁርስ ላይ ፀጉሯን በሻርፕ ጠቅልላ መጣች።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"በረደኝ።"

"በዚህ ሙቀት?"

ሻይዋን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ኩባያውን ወደ አፏ ማምጣት ትታ አፏን ወደ ኩባያው ስትወስድ አየኋት። ባሌም አይቷል። ዳቦው እጁ ላይ ቀረ።

"ቀኝ እጅሽን አንሺ እስቲ" አላት።

አነሳች። ደረቷ ጋ ሲደርስ ፊቷ ተጨማደደ፣ እጇም ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ፀጉሯን በሻርፕ የጠቀለለችው ማበጠሪያው ራሷ ላይ ስላልደረሰላት ነው።  ባሌ ዳቦውን አስቀምጦ ጫማውን ፍለጋ ተነሳ፤ ሰውዬው ዳቦ ሳይጨርስ ከተነሳ ነገሩ ከባድ ነው።

ይዘናት የሄድንባት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወጣት ናት፣ ዓይኗ ግን የፈታኝ ዓይን ነው። የቀጮን ክንድ ወደ ጎን ወሰደችው፣ አዞረችው፣ ጫን አለችው፣ "እዚህ ጋ? እዚህስ?" አለች። ባሌና እኔ ግድግዳው ሥር ባለችው አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ተቀምጠናል።

"የተቀደደ ነገር የለም" አለች በመጨረሻ። እግዚአብሔር ይስጥሽ ልላት ስል፣ "ጅማቱ ግን ክፉኛ ተቆጥቷል" ብላ ጨመረች። "ምን ስትሠሪ ነው የከረምሽው?"

"ጠዋት ከጋሼ ጋር ብረት እሠራለሁ" አለች ቀጮ።

ባሌ ቀና አለ።

"ከሰዓት ደግሞ..." አለችና ዓይኗን ወደ እኔ ጣል አድርጋ መለሰችው። "ከሰዓት ከእትዬ ጋር ኮርኒስ እቀባለሁ። መሰላልም አነሳለሁ።"

ባሌ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ያለውን ሳላይ አየሁት። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ነበር፤ ቀቢው ጥጉን በደንብ አልጨረሰውም።

"ማታ ደግሞ" አለች ቀጮ።

"ማታ?" አልኩ።

"ማታ ከጋሼ ጋር ተጨማሪ እሠራለሁ።"

አሁን ቀስ ብዬ የዞርኩት እኔ ነኝ።

"እረፍቱስ መቼ ነው?" አለቻት ባለሙያዋ።

"የምን እረፍት?" አለች ቀጮ፣ ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እኛን ማየት ጀመረች። ባሌ አላስቻለውም፤ "ግን የጎዳት ከራስ በላይ መግፋቱ ነው አይደል?" አለ። "ኧረ የማታው ተጨማሪ ነው!" አልኩ እኔ ከአፉ ነጥቄ።

"ሁለቱም አይደለም" አለች። "ከራስ በላይ ሳይገፉ ጠንካራ ትከሻ ማውጣት ይቻላል፣ እየገፉም ይቻላል። መግፋቱ የሚያመው ሰው ቢተወው የሚቀርበት ነገር የለም። እሷ ግን መሰላል ልታነሳ ስለሆነ በጥቂት በጥቂቱ መልመድ ነበረባት። እርስዎ የሰጧት መሠረት ጥሩ ነው። እርስዎም ያሳዩዋት ሥራ ጥሩ ነው። ችግሩ መደራረቡ ነው፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ለዚህ ትከሻ ማነው እሁድ የከለከለው?"



"ፈተናው ቀረብኝ ማለት ነው?" አለች ቀጮ። ድምጿ እንደ ሕፃን ቀጠነ፤ አንጀቴን በላችው።

"ካረፍሽ ላይቀር ይችላል። ካላረፍሽ ይቀራል። ዋዜማው ላይ መጥተሽ አይሻለሁ፣ ያኔ ነው የምነግርሽ።" እጇን አንጠልጥላ ቀስ ብላ እንድታወዛውዝ፣ ጣቶቿንም በግድግዳ ላይ እያስኬደች ሳያማት እስከምትደርስበት ብቻ እንድታወጣ አሳየቻት። ከዚያ ሌላ ምንም።

አውቶቡስ ውስጥ ገና ሳንቀመጥ ጀመርን። እሳትና ጭድ ሆንን። ደብቀሽኝ፣ አንተም ደብቀኸኝ፣ በቀለም ልጄን አበላሽተሽ፣ በብረት አድቅቀሃት ተባባልን። የፊት ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ ጆሮውን ወደ ኋላ አስረዝሞ ያዳምጣል።

"በቃ!" አለች ቀጮ።

ጮኻ አይደለም። ግን ሁለታችንም አፋችን እንደተከፈተ ቀረ።

"በቃ" አለች ደግማ። "ሁለታችሁም አሳደጋችሁኝ፣ ሁለታችሁንም እምቢ ማለት አልችልም። ጋሼ ሲለኝ እሺ፣ እትዬ ስትለኝ እሺ። ያማል፣ እሺ። እስክደነዝዝ እሺ። አሁን ግን ይሄ ትከሻ የእኔ ነው። ይሄን ሳምንት ማናችሁም ስለ ትከሻዬ አንድ ቃል እንዳትናገሩ። መንካትም፣ ማየትም የለም።"

የፊተኛው ሰውዬ ጆሮውን ሰበሰበ። እኔ አፈርኩ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ልጅቷ በሁለት ወገን ስትጎተት፣ እኔ የያዝኩትን እጅ ብቻ ነበር የማየው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሳምንት በቤታችን ታይቶ የማይታወቅ ሳምንት ነው። ባሌ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ ባሌን እጠብቃለሁ። አንድ ቀን የቀጮ ክፍል በር አጠገብ ስደርስ ሰውዬው እጁን ከኋላው ደብቆ ቆሟል።

"ምንድነው የያዝከው?"

"ምንም።"

"አምጣው!"

ቀጭኗ ላስቲክ ናት። "በጣም ላላ ያለችው እኮ ናት፣ ሕፃንም ይስባታል" አለኝ። ነጥቄ ኪሴ ከተትኳት። በማግስቱ ደግሞ እኔ፣ በሞቴ ክፋት አስቤ አይደለም፣ መጥረጊያውን ይዤ "ቀጮዬ፣ ያቺን የሸረሪት ድር ከጥጉ ላይ እስቲ..." ማለት ስጀምር፣ ባሌ ከየት እንደመጣ ሳላየው መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደው። "ወግጂ!" አለኝ። ከዚያ ድሩን ራሱ አወረደ፣ እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ። አየሁት። ማየቴንም አይቷል። ለጊዜው ተውኩት።

አንድ ከሰዓት ምድር ቤት ወርጄ አገኘሁት። ደንበኛ አልነበረም። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ብረቶቹን በጨርቅ ይወለውላል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ብትወድቅስ?" አለኝ ሳያየኝ።

"አትወድቅም።"

"በራሷ ብትወድቅ ይሁን። በእኛ ምክንያት ከወደቀች ግን በምን ዓይናችን ነው የምናያት?"

 ሁለተኛ ጨርቅ አነሳሁና አብሬው መወልወል ጀመርኩ። ፈርቼ ነበር፣ እሱም ፈርቶ ነበር፤ ከብዙ ጊዜ ወዲህ በአንድ ነገር ስንስማማ ያ የመጀመሪያው ነው።

በዋዜማው ቀጮ ባለሙያዋ ዘንድ ብቻዋን ሄዳ ተመለሰች። ፀጉሯ ተበጥሯል። ሁለታችንም ፀጉሯን ነው ያየነው።

"ተፈቀደልኝ" አለች። "ካመመኝ ግን አቆማለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ነገ ደግሞ ማናችሁም አትመጡም።"

"እሺ" አልን እኩል።

በማግስቱ ባሌን፣ መሥሪያ ቤቱ ፎቅ ላይ ሁለተኛ ዙር ቀለም የሚጠብቅ ኮርኒስ አለኝ አልኩት። እሱ የአግዳሚው ብሎን ላልቷልና ብሎን ልገዛ ነው አለኝ። ከእሳት አደጋው ግቢ ጀርባ ባለው የሽቦ አጥር ሥር፣ ከቁጥቋጦው ኋላ አጎንብሼ ስጠጋ፣ ባርኔጣ የደፋ አንድ ሰው ቀድሞኝ አጎንብሷል።

"ብሎን እዚህ ነው የሚሸጠው?" አልኩት።

"ኮርኒሱስ ደረቀ?" አለኝ። ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

ቀጮ ቱቦውን ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ እንደ ምንም ነው የወጣችው። አሻንጉሊቱንም እንዲሁ፤ ከኋላዋ ያለው ወንድ ተፈታኝ ገና ሲጎትት እሷ ጨርሳ ሱሪዋን ታራግፋለች። ባሌ ክርኑን ጎኔ ላይ ሰካው። ከዚያ መሰላሉ መጣ። የእኔ መሰላል ከሱ አጠገብ ሕፃን ነው። አንዱ ተፈታኝ ጣለው፣ ሌላው ግማሽ ላይ አድርሶ ወደ ጎን አዘመመበትና ፈታኞቹ ሮጠው ያዙለት።

ተራዋ ደረሰ። እግሩን ግድግዳው ሥር አስደገፈች። ጫፉን አነሳች፣ ወገቧ፣ ደረቷ፣ አገጯ ጋ ደረሰ። መራመድ ጀመረች። አንድ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ። ከዚያ ግንባሯ ትክክል ላይ ሲደርስ ቆመ። ክንዶቿ ሲንቀጠቀጡ ከአጥሩ ወዲህ ይታየን ነበር። ቀኙ ትንሽ ዝቅ አለ። ያቺው የተቆጣችው ትከሻ ናት።

ከቁጥቋጦው ብድግ ማለቴን አላስታውሰውም። ባሌም ብድግ ብሏል፣ ባርኔጣው ወድቋል።

"ወደ ላይ!" ብሎ ጮኸ ሽቦውን ይዞ። "ወደ ላይ ግፊው ልጄ! ከራስሽ በላይ! ግፊው!"

እኔ ደግሞ ስጮህ ድምፄን ሰማሁት። "በእግርሽ! በጀርባሽ! ክርንሽን ሰብስቢ፣ በትከሻ ብቻ አይደለም!"

የእኔን እሱ ጮኸው፣ የእሱን እኔ ጮህኩት። ፈታኞቹ ሁሉ ወደ አጥሩ ዞሩ። ቀጮ ብቻ አልዞረችም። ጉልበቷን ሰበር አደረገች፣ ተነፈሰች፣ ገፋችው። መሰላሉ ከግንባሯ አለፈ፣ ከራሷ በላይ ወጣ፣ እጆቿ ተዘረጉ፣ እሷም ከሥሩ እየተራመደች ሄደችና ጫፉ ግድግዳውን ጓ አድርጎ መታው። ቆመ። መሰላሉም እሷም ቆሙ።

እኔ አለቀስኩ፤ የምን መደበቅ ነው። ባሌ ባርኔጣውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

ያለፉት ስማቸው ሲጠራ የእሷም ተጠራ። ቦርሳዋን ይዛ በትንሿ በር ወጥታ እኛ ጋ መጣች። ፊቷን አጨማድዳለች፣ ግን ከንፈሯ እምቢ ብሏት ይስቃል።

"አትምጡ አላልኳችሁም?"

"እሺ ብለን ነበር" አለ ባሌ። "አመመሽ እንዴ?"

"ትንሽ። የሚያስቆም አይደለም።"

"ታዲያ መሰላሉ ሲቆምብሽ የማንን ሰምተሽ ነው የገፋሽው?" አልኳት። ይህን መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ሰው ነኝ። ባሌም ጆሮውን አቁሟል።

"የማንንም። ጆሮዬ ጭው ብሎ ነበር።"

"ታዲያ ምን አስበሽ ነው?"

"እናንተን" አለች። "ብወድቅ፣ በአንቺ ነው በአንተ ነው ስትባባሉ ታየኝ። ፀጉራችሁ ነጭ እስኪሆን። እኔ ደግሞ መሃላችሁ ቁጭ ብዬ፣ እሺ ጋሼ፣ እሺ እትዬ ስል። ኧረ ይሄን ዕድሜ ልኬን ከምሰማ መሰላሉ ይሻለኛል ብዬ ገፋሁት።"

ባሌ አየኝ። አየሁት። መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም፣ ግን ሽቦውን ይዘን እስኪያመን ሳቅን፣ እሷም አብራን። ከዚያ ሳቁ አለቀ፤ የተናገረችው እውነት ነበር፣ እውነቱም ያሳፍር ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ እሷ ከፊት ሆነች፣ እኛ ከኋላ። ከባዷን ቦርሳ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ታንጠለጥላለች። ባሌ አንዴ አፉን ከፈተና ዘጋው። እኔም እንዲሁ። በየትኛው ትከሻ መያዝ እንዳለባት ማናችንም አልነገርናትም።